የተሰፋው የራዲዮ ቀፎ

ወርቅውሃ ከምታስተምርበት የስደተኞች ልጆች ትምህርት ቤት ወጥታ በሱዳን በገዳሪፍ ከተማ የሰሊጥ ገበያ ጀርባ ስታልፍ፣ ሁልጊዜ ከራሒማ ሻይ ሻጯ ዛፍ ሥር አረፍ ትላለች። ለሻዩ ብላ ሳይሆን ለጥላው ነው። ዘመኑ 1976 ነው፤ ኅዳር ገብቶም የፀሐዩ ንዳድ አልበረደም ነበር። ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች እየተጋፉ ያልፋሉ፤ አቧራውም ተከትሏቸው ያልፋል።

«ሹፊ፣ ኡስታዛ!» አለች ራሒማ ገና ሳትቀመጥ። «ቤቴን እንዴት እንዳሳመርኩት እይልኝ። ከእንግዲህ ብርጭቆሽ አቧራ አለበት የሚለኝን ሰው ምላሱን ነው የምቆርጠው!»

ራሒማ በድንበሯ ከተማ በገላባት ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛና ዓረብኛ በአንድ ትንፋሽ የምታወርድ ሴት ናት። የምታሳያት ዕቃ ጥግ ጥጉ ክብ የሆነ፣ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ሣጥን ነበር። ድሮ ራዲዮ ኖሮ ሆዱ የወጣለት መሆኑ ያስታውቃል። ድምፅ ይወጣበት የነበረው ፍርግርግ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ቁልፎቹ በነበሩበት ሁለት ቀዳዳ የማንኪያ እጀታ ብቅ ብሏል። በክፍቱ ጀርባ በኩል ብርጭቆዎቹ ከነስኳሩ ቆርቆሮ ተደርድረዋል።

«ያምራል» አለች ወርቅውሃ። ወሬ አታበዛም።

«ጎኑ ተሰንጥቋል ብዬ ልተወው ነበር እኮ። የሸጠልኝ ኢስሃቅ ራዲዮ ጠጋኙ ነው። ‹የተሰፋ ቅል ውሃ አያፈስም፣ ምን አስጨነቀሽ› ብሎ አፌን አስያዘኝ።» ራሒማ እየሳቀች ሣጥኑን በጎኑ አዞረችላት።

ወርቅውሃ ራሒማ ያቀበለቻትን የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠች።

ስንጥቁ አንድ ስንዝር ይሆናል። ግራና ቀኙ ተበስቶ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተሰፍቷል። ቅል የሚሰፋ ሰው አንዱን ክር ከዳር እስከ ዳር ይነዳዋል። ይህ ግን እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው ተቋጥሯል፤ ቋጠሮዎቹም ሁሉ ወደ ቀኝ ተኝተዋል። ሰባት ናቸው። ሳትቆጥራቸው በፊት ሰባት መሆናቸውን ታውቅ ነበር። ቁስል ለመስፋት የለመደ እጅ የሠራው ስፌት ነው። ከስንጥቁ መጀመሪያ አጠገብ ደግሞ ጥቁር ነጥብ አለ፤ የጋለ ሚስማር ያረፈበት።

ሚስማሩን ያጋለችው እሷ ናት።

ግንቦት 1970 ጎንደር ውስጥ፣ ራዲዮ ያለው ሰው ራዲዮውን የሚፈራበት ወር ነበር። የውጭ ጣቢያ አዳምጧል ተብሎ የተወሰደ ሰው ወዴት እንደ ተወሰደ አይጠየቅም። ባሏ ታከለ ጤና ረዳት ነበር። የሚፈለጉ ሰዎችን ቁስል አክሟል ተብሎ ስሙ በተነሣ በማግስቱ፣ ራዲዮውን ፈትቶ ሆድ ዕቃውን ከጓሮ ቀበረው። ቀፎውን ግን አልጣለውም። ምስጥ አይበላውም፣ እርጥበት አያሳብጠውም፣ ለመድኃኒት ሣጥን ከዚህ የተሻለ አይገኝም አለ። ማንገቻ ገመድ ማስገቢያ ቀዳዳ ሲያስፈልግ ወርቅውሃ ሚስማር አጋለች። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠናች ሴት፣ ፕላስቲክ ስለሆነ ይቀልጣል ብላ አሰበች። አልቀለጠም። የሐኪም ቤት የመሰለ ሽታ ሸተተና ቋ ብሎ ተሰነጠቀ።

«መምህርት፣ ይኸ በእሳት የሚሸነፍ አይደለም» ብሎ ሳቀባት። ከዚያም ተቀምጦ እንደ ሰው ቁስል ሰፋው።

ሊነጋጋ ሲል ተለያዩ። እሷ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረች ከነጋዴዎች ጋር በመተማ በኩል ሄደች። እሱ የታመሙ ሰዎች የሚጠብቁት በቆላው በኩል ነበርና ሣጥኑን አንግቶ ወደዚያ ወረደ። «ሐምሌ ሳይገባ እደርስብሻለሁ» አላት። ይኸው አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሞተ ያላት የለም፤ አየሁት ያላትም የለም። በመካከሉ ልጅ ወለደች፤ ልጇንም ቀበረች። ወደ ሦስተኛ አገር እንድትሄድ ሁለት ጊዜ ስሟ ወጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ቀረች። ታከለ ቢመጣ የት ብሎ ይፈልጋታል?

እና አሁን ሣጥኑ ገዳሪፍ ነው።

«ኡስታዛ፣ ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«ኢስሃቅ ሱቁ ውስጥ ይኖራል አሁን?»

«የት ይሄዳል! ሚስቱ ስለምትጮህበት ከሱቁ አይወጣም።»

ወርቅውሃ ተነሥታ ሄደች። ሣጥኑ በራሱ እግር ድንበር አይሻገርም፤ ሣጥኑ ከተሻገረ ያነገተው ሰው ተሻግሯል። ነገሩ እንደ ሒሳብ ቀላል መሰላት። ታሞ ይሆናል። ታስሮ ተፈትቶም ይሆናል። ስንቱ ሰው እንደ ሾዋክና ኸሽም ኤል ቂርባ ባሉ ከተሞች ሆኖ ዘመዱ ገዳሪፍ መኖሩን ሳያውቅ ዓመት ይቀመጣል። መንገድ ላይ ሻሿን ፈትታ ፀጉሯን አስተካክላ መልሳ ስታስር፣ ምን እያደረገች እንደሆነ ለራሷ ገብቷት አፈረች።

ኢስሃቅ የጎንደር እስላም ነው፤ አባቱም ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ስትገባ መበየጃውን አስቀምጦ ተነሣ።

«እቴ ወርቅውሃ! ዛሬ ከየት ተገኘሽ? ራዲዮ እንኳ የለሽ።»

«ለራሒማ ስለሸጥክላት ቀፎ ልጠይቅህ ነው።»

«ተሰበረባት እንዳትይኝ! እሱ እኮ ቤክላይት ነው። የዛሬው ፕላስቲክ መሰለሽ? በአውራ ጣትሽ እስኪሞቅ ፈትገሽ አሽትቺው፣ የመድኃኒት ጠረን ካልሸተተሽ ገንዘቧን እመልሳለሁ። እንዲያ ያለ አሁን አይሠራም። ከሃምሳ ዓመት በፊት የፈረንጅ አገር…»

«ከማን ነው ያገኘኸው?»

«ከጋሼ አስናቀው።» ኢስሃቅ ሳቀ። «ሰው ሁሉ ራዲዮ ሲያመጣልኝ ድምፁ ጠፋ ይለኛል። እሳቸው ራዲዮ የሌለው ራዲዮ አመጡ። ምን ላድርገው ብላቸው፣ ‹ከቤቴ ይውጣልኝ እንጂ እንደፈለግህ አድርገው› አሉኝ። ዋጋም አልጠየቁ። ይኸ ከረመዳን በፊት ነው።»

«ብቻቸውን ነው የመጡት? ሌላ ሰው አብሯቸው አልነበረም? ረጅም፣ ቀይ ሰው?»

«ብቻቸውን» አለ ኢስሃቅ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «እቴ፣ ምነው? የተሰረቀ ዕቃ ነው?»

«አይደለም» አለችና አመስግናው ወጣች።

ጋሼ አስናቀው የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ ናቸው። የታከለ አገር ሰው፣ ከጎንደር የመጣው ስደተኛ ሁሉ ሽማግሌ፣ የሚካኤል ማኅበራቸውም መሪ፣ ሙሴው፣ ናቸው። በየወሩ በአሥራ ሁለት ማኅበሩ ሲበተን ወርቅውሃን እጇን ይዘው «አይዞሽ ልጄ፣ የሚካኤል አምላክ ያውቃል» ይሏታል። ይመጣል ብለዋት አያውቁም ለካ። ይህን ያስተዋለችው አሁን፣ ወደ መጋዘኑ ስትሄድ ነው። እሷ ናት ይመጣል ብላ የሰማችው።

ከመጋዘኑ በር ላይ ከጆንያ ክምር ተደግፈው ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ለኢስሃቅ የራዲዮ ቀፎ ሰጥተውታል?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያም በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና፣

«ልጄ፣ ምሳ በልተሻል?» አሏት።

ወርቅውሃ ጆንያውን ያዘች። በአገራቸው ለተራበ ሰው መርዶ አይነገርም። ከእንቅልፉ ቀስቅሰው፣ ወይም አብልተው አጠጥተው፣ ሰው ሰብስበው ነው የሚነግሩት። ስለ ቀፎው ስትጠይቃቸው ምሳ በልተሻል ሲሏት፣ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ዝርዝሩ ብቻ መሆኑን ዐወቀች።

«ሸጊቱ!» ብለው ሽማግሌው ሚስታቸውን ተጣሩ። «እንግዳ አለ፣ የሚቀመስ አምጪ!»

ሸጊቱ ከመጋዘኑ ጎን ካለችው ክፍል ክስራ የሚባለውን ስስ የማሽላ እንጀራና የባሚያ ወጥ ይዘው ወጡ። ወርቅውሃን ሲያዩ፣ ባላቸውን ሲያዩ፣ ሳህኑን እንደ ያዙ ቆሙ። የሚጠይቁት ነገር አልነበራቸውም።

«አልበላም» አለች ወርቅውሃ።

«ብዪ ልጄ፣ ለሚካኤል ብለሽ።»

«ብበላ ይነግሩኛል?»

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። «እንዲህ መሆን አልነበረበትም» አሉ። «እንዲህ በመንገድ…»

«መቼ ነው?»

«ያን ዓመት ነው፣ ሰሊጥ ሲታጨድ። አንች በወለድሽ ሰሞን። ጋረደው የሚባል አጫጅ ነው ሣጥኑን ይዞ የመጣው። ወባ ነው ልጄ። በሰው እጅ አላለፈም፣ ጥይትም አይደለም። አብረውት የነበሩት ከወንዝ ዳር ቀብረውታል።»

«ኪኒን ነበረው።»

«ሣጥኑ ባዶ ነበር» አሉ ጋሼ አስናቀው። «ለሰው አዳርሶ ጨርሶታል አለ ጋረደው።»

«ያን ዓመት» አለች ወርቅውሃ። «አምስት ዓመት ሆኖታል።»

«አራስ ነበርሽ። ለአራስ እንዴት መርዶ ይነገራል? ወተትሽ ይደርቃል፣ ልጅቱ ትሞታለች አልን። ጡት እስክትጥል ብለን ስንጠብቅ ልጅቱ በኩፍኝ ሄደች። እንግዲህ በልጅሽ ላይ ባልሽን እንዴት እንጨምርልሽ? ወንድሙ ታምሬ ፋው ከተማ ነው ያለው ብለውን ደግሞ፣ እሱ መጥቶ ይንገራት ብለን ሰው ላክን። ታምሬ ወደ ወደብ ከተማ ሄዷል አሉን። ጠበቅን። ከዚያማ…» እጃቸውን ዘርግተው ተዉት። «ከዚያማ ዓመቱ ሲረዝም፣ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ብትይን ምን እንላለን? አፈርን ልጄ።»

«ማን ማን ያውቃል?»

ጋሼ አስናቀው ዓይናቸውን ወደ ጆንያዎቹ መለሱ። ሸጊቱ ሳህኑን ይዘው እንደ ቆሙ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሣጥኑን እኔ ነኝ አውጣልኝ ያልኩት» አሉ። «ሚስቱ ያላለቀሰችበት የሟች ዕቃ ከራስጌዬ ተቀምጦ እንቅልፍ ነሣኝ። እንዲህ ይሆናል አላልኩም።»

ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነበር። ማኅበርተኞቹ፣ ጎረቤቶቿ፣ ወደ ሦስተኛ አገር አልሄድም ስትል «ልክ ነሽ፣ ባልሽን ጠብቂ» ያሏት ሴቶች።

«በወጉ እናድርገው» አሉ ጋሼ አስናቀው። «እሑድ ንጋት እንመጣለን። ያልሰማሽ ሁኚልን። አንችም በወጉ ታለቅሻለሽ፣ የእሱም ነፍስ ታርፋለች፣ እኛም ከኃጢአቱ እንወጣለን። እሺ በይኝ ልጄ።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ወርቅውሃ የሚሳደብ ሰው ብትሆን ኖሮ ያን ጊዜ ትሳደብ ነበር።

«እሺ» አለች።

ሐሙስና ዓርብ አስተማረች። ቅዳሜ የልጆቹን ደብተር አረመች። ጎረቤቶቿ ሲያገኟት ከወትሮው በላይ ለስለስ ባለ ድምፅ ሰላም ይሏታል፤ መልእክቱ ደርሷቸዋል። አንዷ «ነገ ቤት ነሽ አይደል?» አለቻት። «ነኝ» አለቻት ወርቅውሃ።

እሑድ ሊነጋ ሲል የብዙ እግር ኮቴ ከግቢዋ ገባ። ለብሳ ተኝታ ነበር። በሩ ሲንኳኳ «ማነው?» አለች። ይህን ማለት እንደሚገባት ታውቃለች። ጋሼ አስናቀው ከፊት፣ ቄስ ደመቀ ከጎናቸው፣ ሌላው ሰው ከኋላ ሆኖ ገቡ። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ያዟት፤ ባለመርዶ ራሱን እንዳይጎዳ የሚያዘው እንደዚያ ነው።

«ልጄ ወርቅውሃ» አሉ ጋሼ አስናቀው፣ «ሰው የእግዚአብሔር ነው። የሰጠ እሱ፣ የነሣ እሱ። ታከለ አርፏል።»

ሁሉም ጩኸቷን ጠበቁ። ወርቅውሃም ጠበቀች። ጉሮሮዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። የያዟት ሴቶች እጃቸውን አጠበቁ፤ የያዙት ግን የማይወራጭ ሰው ነበር። ዝምታው ሲረዝም ሸጊቱ ደረታቸውን መትተው ጀመሩላት፦

«መድኃኒት ተሸክሞ ቆላ የወረደው፣
ሰዉን ሁሉ አድኖ እሱን ሞት ወሰደው።»

ሴቶቹ ተቀበሉ። ወርቅውሃ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ግጥሙ የተሟሸ ነው፤ ዛሬ ጧት የወጣ አይደለም። ተቀባዮቹ አንዲት ቃል አልሳቱም፤ የት እንደሚያነሡ፣ የት እንደሚጥሉ ያውቃሉ። ለታከለ ከአምስት ዓመት በፊት ተለቅሶለታል። በሸጊቱ ቤት፣ በር ተዘግቶ፣ እሷ አንድ መንገድ ወዲያ ልጇን እያጠባች ሳለ። ሴቶቹ አንድ ሰሞን ጥቁር ለብሰው፣ አንዷ ለአክስቴ ነው፣ ሌላዋ ለአጎቴ ነው እያሏት፣ እሷ እየዞረች «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ስትላቸው እንደ ነበር ትዝ አላት። የባሏን ለቅሶ ደርሳለች። ያጽናናችው እሷ ናት።

ሬሳ በሌለበት የሚለቀሰው በሟቹ ዕቃ ላይ ነውና ሣጥኑን ከራሒማ አስመጥተው ከመሐል ምንጣፍ ላይ አኖሩት፤ ነጠላ አለበሱት። ጸሎቱ ሲያልቅ ቄስ ደመቀ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «ለሙት ዓመቱ ቀኑን ብታውቁልን።»

ጋሼ አስናቀው አሰቡ። «ሰሊጥ ሲታጨድ ነው እንጂ…»

«እሱማ ሁለት ወር ነው አባቴ። ቀኑን ነው።»

«ጋረደው ያውቅ ነበር። ጋረደው የት እንዳለ አይታወቅ።»

«ማርያምን ቢያደርጉትስ?» አለ አንድ ሰው ከበሩ በኩል።

«ኧረ ሚካኤልን! በኅዳር ሚካኤል እንደሆን ሰዉም ለማኅበሩ ይሰበሰባል፣ ድግሱም ይደመራል። ሁለት ወጪ ለምን?»

«እውነቱን ነው፣ ለሁሉም ይመቻል።»

ተመካከሩ። ለሁሉም የሚመች ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩና «ይሁን ልጄ?» አሏት።

«ይሁን» አለች ወርቅውሃ።

ከረፋዱ በኋላ ራሒማ መጣች። ሣጥኑን ሲወስዱባት ለምን እንደሆነ የነገራት አልነበረም፤ የሰማችው ብርጭቆ ስታቀብል ከአንድ ተሸካሚ ነው። ከበሩ ስትደርስ ነጠላ የለበሰውን ሣጥን አየችና እዚያው ቁጭ አለች። ሙሾውን አታውቀው፣ ወጉን አታውቀው፣ ዝም ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች።

«ወላሂ አላወቅኩም» አለች። «ስኳር አስቀመጥኩበት። ማንኪያ ሰካሁበት። ያ ረቢ፣ የሰው ሐዘን ላይ ማንኪያ ሰካሁ…»

ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቁመው አዩዋት። ወርቅውሃ ከያዟት እጆች ወጥታ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችላት። ዕንባው ትኩስ ነበር። በዚያ ቤት የታከለን ሞት በዚህ ሳምንት የሰማ ሰው ከእሷ ሌላ ራሒማ ብቻ ነበረች። ወርቅውሃ ያን ዕንባ በጨርቁ በኩል በጣቶቿ ስትነካው፣ ለራሷ አንድ ጠብታ ቢመጣላት ብላ ተመኘች። አልመጣም።

ሦስት ቀን ተቀመጠች። ሰዉ እየመጣ ጽኚ አላት። ጸናች። በሦስተኛው ቀን ማታ እንግዳው ሲበተን ራሒማን ጠርታ ሣጥኑን ሰጠቻት።

«አልወስድም!» አለች ራሒማ እጇን ወደ ኋላ ሰብስባ። «ሐራም ነው። ያንቺ ነው። ከራስጌሽ አድርጊው።»

«ምን ላደርግበት? እኔ የማስቀምጥበት ነገር የለኝም። ብርጭቆሽን አቧራ ይበላዋል፣ ውሰጂው።»

ብዙ ተገፋፉ። በመጨረሻ ራሒማ ሣጥኑን በሁለት እጇ አቀፈችው፤ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሕፃን። ከበሩ ወጥታ ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር አለች።

«ኡስታዛ… ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ይህን የጠየቃት አልነበረም። የአገሩ ሰዎች ያውቁታል፤ ሌሎቹም አልቅሰው ጨርሰውታል። ወርቅውሃ ልትነግራት አፏን ከፈተች። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በልቧ ስታከማች የኖረችው ሲመጣ የምትነግረውን ነበር፤ የልጅቱን የመጀመሪያ ጥርስ፣ የተቀበረችበትን ቦታ፣ ያልሄደችባቸውን አገሮች። ለእሱ የሚነገረው ሁሉ ተሰናድቷል። ስለ እሱ የሚነገረውን ግን አንድም ቀን አላሰበችበትም፤ ራሱ ሊመጣ ነበራ። ድምፁን ፈለገችው። አካሄዱን ፈለገችው። ራሒማ ሣጥኑን ታቅፋ መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ደግ ነበር» አለች ወርቅውሃ፣ ለማንኛውም ሟች የሚባለውን።